የትኛው ባዶ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለዘመድ ማስረዳት ከጀመርሁ ቆየሁ፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው አልገባውም። አክስቶቼ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ይላሉ፤ ወሬው በዚያው ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ነገር አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣው የተማሪ ቁጥር የሚጠራቀምበት ዳሽቦርድ የሚባል ነገር አለ። ሲከፍቱት ቁጥሩ ሁሉ በመስመርና በዓምድ ተስሎ ይታያል። እኔ እዚያ ያለውን ግራፍ እያነሣሁ ስብሰባ ላይ በሚታየው ስላይድ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወደዚህ ማምጣት፣ መለጠፍ፣ በቃ። ሰው «ይኼማ ምን ሥራ ነው» ሲለኝ ግን እበሽቃለሁ። አንድ ትምህርት ቤት በዚህ መለጠፍ መካከል ሲጠፋ አይቻለሁ፤ እሱም የአባቴ ነበር።

አባቴ ደብረ ኤልያስ ላይ ከመኪና ተወርዶ ግማሽ ቀን በእግር የሚኬድበት ቀበሌ ርእሰ መምህር ነበሩ። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ፣ ከወንበራቸው ጀርባ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰቅሏል። ነጩ ከረጢት ተተርትሮ፣ ጎንና ጎኑ በወፍራም ክር ተሰፍቶ፣ በላዩ የወራቱ ስም ተጽፎ፣ በየወሩ የተማረው ተማሪ ልክ በሰማያዊ ቀለም በዓምድ ይቀባበታል። የገጠር ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይኼን ያውቀዋል፤ የልብ ሥዕልም፣ የአገር ካርታም፣ የማባዣ ሠንጠረዥም እዚያ ከረጢት ላይ ነው።

የአባቴ ከረጢት ግን የራሱ ሕግ ነበረው። ልጆች መጥተው ከተማሩ ዓምዱ ይቀባል። ማንም ያልመጣበት ወር ከሆነ፣ ክረምት ለምሳሌ፣ ከግርጌው ላይ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። ቁጥሩን የሚሰጣቸው መምህር ታሞ ወይም ሌላ ነገር ገጥሞ ሳያውቁት ከቀሩ ደግሞ ቦታው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ንጹሕ ቦታ ይጠየቃሉ። አንዱማ «ገምተው ይቀቡት እንጂ፣ ደስ አይልም» ብሏቸው ነበር። የእሳቸው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ያልሰማሁትን አልቀባም።»

ቁጥር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዜሮ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «አሥርን ጻፊ፤ አንድ፣ ከጎኑ ባዶ። መቶን ጻፊ፤ አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ» ነበር የሚሉኝ። ከተማ ገብቼ ከፍ ያለ ክፍል ስደርስ ዜሮ ማለት ለመድሁ። ለዕረፍት ስመለስ በዚህ ይተርቡኛል፤ «እንግዲህ ልጃችን ዜሮ ሆና መጣች» ይላሉ። «ባዶ ብትዪው ምን ይጎድልበታል?» እያሉ ራሳቸው በቀልዳቸው ይስቃሉ።

አሁን ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። ግራፍን ከዳሽቦርድ ወደ ስላይድ ማምጫው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማያያዝ ነው፤ ስላይዱ ከዳሽቦርዱ ጋር እንደታሰረ ስለሚኖር እዚያ ቁጥሩ ሲታረም እዚህም ይታረማል። ሁለተኛው ፎቶ ማንሣት ነው። ፎቶው የዛሬ መልኩን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ዳሽቦርዱ ላይ ምን ቢለወጥ እሱ አይሰማም። ያሠለጠነን ሰው ማያያዙን ነበር የመከረን። «ፎቶ አትለጥፉ፤ ፎቶ ሙት ነው» እያለ ደጋግሞ ነግሮናል። የሠለጠንነው ኢንተርኔት እንደ ልብ በሆነበት ሆቴል ስለሆነ ሁላችንም አጨበጨብን።

የእኛ ከተማ ኢንተርኔት ደግሞ የታወቀ ነው። አንድ ቀን እንግዶች በተሰበሰቡበት ያያያዝሁት ስላይድ ሲከፈት ግራፍ መኖር በነበረበት ቦታ ቀይ ምልክት ብቻ ብቅ አለ። በቀጣዩም፣ በቀጣዩም እንደዚያው። ኃላፊያችን ላብ በላብ ሆነ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ «ሁለተኛ ማያያዝ የሚባል ነገር እንዳልሰማ! ፎቶ አንሺና ለጥፊ» ብሎ ጮኸብኝ። እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፤ ማንም ቢሆን እዚያ ፊት ቆሞ አንጀቱ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤታችን ስላይድ ሁሉ ፎቶ ሆነ። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ቀደም ብዬ ያወረድሁትን የቁጥር ሠንጠረዥ ከስላይዱ ጎን አስቀምጥና ግራፉን ከእሱ ላይ እሠራለሁ።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ዓመት መጣ። በሪፖርት ላይ «በወቅታዊ ሁኔታ ምክንያት» ብለን እናልፈዋለን፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልለፈው። ከአባቴ ጋር በስልክ ያወራነው ጥቅምት ላይ ነበር። ወደ እኔ ይምጡ ብዬ ለመንኋቸው።

«አባዬ፣ እባክዎ ነገሩ እስኪረጋጋ እኔ ዘንድ ይሁኑ።»

«ልጆቹ እየመጡ እኮ ነው። እነሱ መጥተው እኔ ልጥፋ?»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡማ ያን ጊዜ እመጣለሁ። እስከዚያ ትምህርት ቤቴ ክፍት ነው፤ ይኼን እዚያ ላሉት አለቆችሽ ንገሪልኝ» አሉኝ።

ስልኩ በዚያው ሰሞን ዝም አለ። ወራት አለፉ። ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ዳሽቦርዱ ላይ የአባቴ ትምህርት ቤት መስመር ጥቅምት ድረስ ተስሎ ተቆርጧል። አልወረደም፤ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ኔትወርክ በመጣ ጠዋት ሁሉ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነበር። ሰው ቢስቅብኝም እላለሁ፣ ያን ነጭ ቦታ እወደው ነበር። የአባቴ ወሬ ሆኖ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው። አልሰማንም ይላል እንጂ የሉም አይልም።

በዓመቱ አጋማሽ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ ያቆሙ ትምህርት ቤቶች ተለይተው አጠገባቸው ካለው ጋር ይዋሐዳሉ ተባለ። ሲዋሐዱ መምህሩም፣ መጽሐፉም፣ ወንበሩም ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስማቸውም ይጠፋል። አባቴ ትምህርት ቤቴ ክፍት ነው ብለው አደራ ያሉኝ እኔን ነው። ማድረግ የምችለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተቆረጠውን እንደተቆረጠ ማቅረብ። ኔትወርክ ስላልነበረ ካወረድሁት ሠንጠረዥ ላይ ግራፉን ሠራሁ፣ ነጩን ቦታ ነጭ አድርጌ ተውሁት፣ ከሥሩ «ሪፖርት ያልደረሰ» ብዬ በደማቁ ጻፍሁ። ከዚያ አማኑኤል ከተማ ለቅሶ ነበረብኝና ስላይዱን ከነሠንጠረዡ እንድታሳትመው ለቢሯችን ጸሐፊ ሰጥቼ ሄድሁ።

በማግሥቱ አዳራሽ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። የእኛ ተራ ደረሰ። ግራፉ ሲወጣ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። የአባቴ ትምህርት ቤት መስመር አልተቆረጠም። ጥቅምት ላይ ከነበረበት ቁልቁል ወርዶ መሬት ነክቷል፤ እስከ መጨረሻው መሬት ለመሬት ሄዷል። የእኔ ጽሑፍም የለም። የአባቴን መርዶ ሰው በተሰበሰበበት፣ ግድግዳ ላይ፣ በቀለም ያረዱኝ ያህል ነበር።

የሆነውን ጸሐፊዋ በኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ልታሳትም ስትል ሠንጠረዡ ላይ ቁጥር የሌለባቸው ቦታዎች አየች፤ የረሳሁት መሰላት። ኃላፊያችን መንገድ ላይ ነበርና ደወለችለት። «ቁጥር የሌለባቸውን ምን ላድርጋቸው?» ብትለው፣ በሚቆራረጥ ስልክ «ባዶ ይሁኑ፣ ባዶ!» አላት። እሱ እንዳሉ ተያቸው ማለቱ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይምላል፤ አምነዋለሁም። እሷ ደግሞ እንደ እኔ የገጠር መምህር ያስተማራት ልጅ ናት። ባዶ ሲባል ጣቷ የሚሄደው ወደ ዜሮ ነው። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ እያለች ሞላቻቸው። ግራፉ በአዲሱ ቁጥር ተሳለ፤ እንደ ደንባችንም ፎቶ ተነሥቶ በእኔው ግራፍ ቦታ ተለጠፈ። «ሪፖርት ያልደረሰ» የሚለውን ጽሑፍ፣ አሁንማ ቁጥሩ ሞልቷል ብላ አጠፋችው።

ይኼን ግን አዳራሹ ውስጥ ሳለሁ አላውቅም። ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

«ይቅርታ፣ ይኼ ተሳስቷል። ዜሮ አይደለም፤ ባዶ ነው!» አልሁ።

ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ዞር ብሎ «እና እህቴ፣ ባዶ ስንት ነው?» አለኝ።

ሳቁን እስካሁን እሰማዋለሁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ሰልችቶት ስለነበር የሚያስቀው ይፈልግ ነበር። እኔም በሌላ ቀን ብሰማው እስቅ ነበር። ለማስረዳት ሞከርሁ። አልሰማንም ማለትና የለም ማለት ይለያያል አልሁ። «የእርስዎን አሳብ መዝግበናል» አሉና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ። ከሰዓት በኋላ መሬት የነኩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሥራ ያቆሙ ተብለው ተወሰነባቸው።

የሚያሳብደው ይኼ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ስሕተት የለም። እዚያ ነጩ ቦታ ነጭ እንደሆነ ነው። የማርመው ነገር የለኝም። ስሕተቱ ያለው ፎቶው ላይ ብቻ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ከእጃችን ወጥቷል። ስብሰባው እንዳለቀ በየፍላሹ ገልብጠውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ስላይዶች ላይ ስንቴ አገኘሁት፤ አንዱ ቀለሙን ቀይሮታል፣ አንዱ የራሱን አርማ ለጥፎበታል፣ መስመሩ ግን ያው መሬት ለመሬት ነው። ለእያንዳንዱ እየደወልሁ ለመንሁ። «እሺ፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል» ይላሉ። የመዋሐዱ ውሳኔ ደብዳቤ ግን ከዚያ ቀድሞ ወጣ።

ሰኔ ሊገባ ሲል መንገዱ ትንሽ ተከፈተ። አንድ ጠዋት ከቢሮ በራፍ ላይ ጥበቃው ጠራኝ። አባቴ ቆመዋል። ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ ጋቢያቸው አፈር ለብሷል፣ በብብታቸው የተጠቀለለ ከረጢት ይዘዋል። ሮጬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እሳቸው ትከሻዬን እየመቱ «በይ በቃ፣ በቃ፤ ሪፖርት ይዤ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ኃላፊያችን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ዓመቱን ሙሉ አስተምረዋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መሰብሰብ ሲያስፈራ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጥዱ ሥር አስተምረዋል። ዓምዶቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር እየሆኑ ቆመዋል፤ ቀለም ስላለቀ የኋለኞቹ በከሰል ናቸው። የካቲት ላይ ቦታው ንጹሕ ነው። ኃላፊያችን በጣቱ ነካው።

«ይኼስ አባታችን?»

«በዚያ ወር ሁላችንም ተበታትነን ነበር። ማን ማንን እንዳስተማረ አልሰማሁም። ያልሰማሁትን አልቀባም።»

እሱ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቁጥሩን ለማስገባት ዳሽቦርዱን ከፈትሁ። ወረዳውን መረጥሁ፣ ቀበሌውን መረጥሁ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከተዋሐደ ወዲያ መለያ ቁጥሩ ተዘግቷል። የማስገባበት ቦታ የለኝም። ያ የምወደው ነጭ ቦታ እንኳ ጠፍቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ አባቴ። ኃላፊያችን ቀስ ብሎ፣ እያከበራቸው፣ ውሳኔውን ነገራቸው። «ምን አይታችሁ?» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ያችን የምትለጥፊያትን አሳዪኝ» አሉኝ።

ማሳየት አልፈለግሁም። እሳቸው እየጠበቁኝ ስለሆነ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው መስመሩን በጣታቸው ከመስከረም ጀምረው ተከተሉት። ጥቅምት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አብሮት ቁልቁል ወረደ።

«ባዶ አላችሁን» አሉ።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስልኩን፣ ጸሐፊዋን፣ አዳራሹን፣ ሳቁን። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል እጇን ይዘው አስነሧት። ማን እንዳስተማራት ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። በስም ያውቁት ኖሯል፤ እንደ እሳቸው የድሮ መምህር ነው። መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ምን አጠፋች? ባዶ ብለን ያስተማርናችሁ እኛ ነን» አሉ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቢሳደቡ፣ ከረጢቱን ፊታችን ላይ ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር። በዚያች ቀን አባቴ አረጁ። ከረጢቱን መልሰው ሊጠቀልሉ ሲሉ ተቀብዬ እኔ ጠቀለልሁላቸው።

ጡረታቸው ተቃርቦ ስለነበር ሌላ ቦታ አልተመደቡም፤ እኔ ዘንድ ቀሩ። ከረጢቱን ሳሎን ሰቀልሁላቸው። ለአዲሱ ዓመትም የወራቱን ስም ከጎኑ ጻፉ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልጆቹ የተዋሐዱበት ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ወንዙ አያሻግርም፤ በጋም ቢሆን ትንንሾቹን የሚልክ ወላጅ የለም። አባቴ ይኼን ያውቁታል። ቢሆንም ከዚያ የመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር ይጠይቁ ነበር፤ ከመምህራኑ አንዱ ምናልባት ከጥዱ ሥር እየሰበሰባቸው ይሆናል ይላሉ። መስከረም ንጹሕ ቆየ፤ ጥቅምትም፣ ኅዳርም። ማታ ማታ ከቢሮ ስገባ ከከረጢቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

ጥር ላይ ስልክ መሥራት ጀመረና የድሮው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቢሮ ሳለሁ ደወለልኝ። መምህራኑ ሁሉ ሄደዋል። ከጥዱ ሥርም ማንም የለም። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ልጅ አልመጣም፤ ግቢው ውስጥ ከብት ይሰማራበታል። ስልኩን ዘግቼ ያንን የተረገመ ፎቶ ከፈትሁት። መስመሩ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አንድ ዓመት ሙሉ ውሸት ነው እያልሁ ስጮኽበት የኖርሁት ፎቶ አሁን እውነት ሆኗል። እንዲታረም የምለምነው ሰው አልቀረኝም።

ለአባቴ መደበቅ አስቤ ነበር። ገና እንደገባሁ ፊቴን አይተው አወቁ።

«ከአገር ወሬ መጣ?»

«መጣ፣ አባዬ።»

«ምን አሉ?»

ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ባዶ ነው» አልኋቸው።

«የትኛው ባዶ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርሁ። ጠበቁኝ። አይተዉኝም፤ ሲያስተምሩኝም መልሱን እስክናገር እንዲህ ዝም ብለው ይጠብቁኝ ነበር።

«ዜሮ» አልሁ።

አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ። «እንግዲያው ሰማሁ» አሉና ከሰሉን አቀብዪኝ አሉኝ። አቀበልኋቸው። ከመስከረም ግርጌ ቀጭን መስመር አሰመሩ፤ ከጥቅምት ግርጌም፣ ከኅዳር ግርጌም፣ ከታኅሣሥ ግርጌም አሰመሩ፤ እኔ መስመሩ እንዳይጣመምባቸው ከረጢቱን ከታች ወጥሬ ያዝሁላቸው።